ግልጽ ደብዳቤ ለእድራችን ሥራ አመራር ኮሚቴ፦ ደጅ ስለቀረው የጋምቢያ እናቶች ከበሮ

ለተከበራችሁ የእድራችን ሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት፤
ግልባጭ፦ ለመላው የእድሩ አባላት፤

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ወር ማክሰኞ ማታ የእድሩ ቴሌግራም ላይ የሦስት መስመር ማስታወቂያ ወጣ። በነጋታው ታትሞ አዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ። ከእድሩ አባላት ውጭ የሆነ ማንኛውም ወገን ከበሮ ወይም መሰል የጩኸት መሣሪያ ያለበት ዝግጅት በአዳራሹ ማካሄድ አይችልም ይላል። የማንም ስም አልተጠራም። ግን አዳራሹን ከአባላት ውጭ የሚከራይ አንድ ቡድን ብቻ ነው ያለው፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የሚሰበሰቡት የጋምቢያ እናቶች። ማስታወቂያው የተጻፈው ለእነሱ ነው። እነሱ ደግሞ አማርኛ አያነቡም። በሩ ላይ ቆመው "ምን ይላል?" ብለው የጠየቁት እኔን ነው። እያፈርኩ ተረጎምኩላቸው።

እኔ የቅዳሜ የልጆች የባህል ቡድን አስተባባሪ ነኝ። 23 ልጆች አሉን። ከሦስት ዓመት ወዲህ ቅዳሜያችን የብቻችን አይደለም። የጋምቢያ እናቶች ልጆቻቸውን ያመጣሉ። እኛ ከበሮና እስክስታ እናሳያቸዋለን፤ እነሱ ሳባር የሚሉትን ከበሮና ጭፈራቸውን ያሳዩናል። ውሳኔያችሁ የእነሱን እሑድ ሲዘጋ የኛንም ቅዳሜ ዘጋው። ስለዚህ በሰው ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገሽ እንዳትሉኝ። የራሴም ጉዳይ ነው።

ቃለ ጉባኤውን ጠይቄ አንብቤዋለሁ። "የአፍሪካውያን ዳንኪራ" የሚል ሐረግ ሁለት ቦታ ላይ አለ። እኛ ከየት እንደሆንን ባይገባኝም እሱን እንለፈው። ይልቅ ዳንኪራ የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ኮሚቴው የከለከለውን ነገር አንድም ቀን ገብቶ አላየውም።

የጋምቢያ ሴቶች ኦሱሱ የሚሉት ነገር አላቸው። ዕቁብ ነው። ሌላ ትርጉም አልፈልግለትም። በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፣ ተራ የደረሳት ትወስዳለች። የሚለየው ገንዘቡ ሲሰጥ ነው። እኛ ቆጥረን፣ አስፈርመን፣ ቡና ጠጥተን እንለያያለን። እነሱ ጋ ባለተራዋ መሐል ትገባለች። የቀሩት ክብ ይሠራሉ። አንዷ ታሱ ትጀምራለች። ታሱ በምት ላይ የሚባል ግጥም ነው፤ አይዘፈንም፣ ይባላል። ሙገሳም ሽሙጥም አለው። የባለተራዋን እናት፣ አያት፣ ያደገችበትን ሰፈር እያነሳች ታወድሳታለች። ሁለት ወር ሳትከፍል የቆየች ካለች ደግሞ እዚያው ጎሸም ትደረጋለች። ስም አይጠራም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። የኛ ዕቁብ ዳኛ ሲደውል ስልኩ አይነሳለትም። ከታሱ ግን ማንም አያመልጥም።

"ስብሰባውን ያድርጉ፣ ከበሮውን ብቻ ይተዉት" አላችሁ አሉ። ከበሮው የስብሰባው ማድመቂያ መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም። ያለ እሱ ውዝፍ አይጠየቅም፣ ባለተራ አይመረቅም፣ የተጣሉ አይታረቁም። ለቅሶ ቤት ሄደን "ተቀመጡ፣ ግን እንዳታለቅሱ" ብንባል ምን እንላለን? የከለከላችሁት የሰዎቹን እድር ነው።

ሳባር የከበሮውም፣ የጭፈራውም፣ የዝግጅቱም ስም ነው። ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፣ የፍየል ቆዳ ይወጠርበታል፣ ቆዳው በዙሪያው በተሰኩ የእንጨት ችካሎች ይያዛል። መቺው በአንድ እጁ ቀጭን ዱላ ይይዛል፣ በሌላው መዳፉ ይመታል። ረጅሙና ቀጭኑ እንዴር ይባላል፤ ብዙ ጊዜ መሪው ይዞት ይቆማል። ሌሎቹ ወፈር፣ አጠር ያሉ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅና ሥራ አላቸው። የሚገርመኝ ግን ጭፈራው ነው። ሴትየዋ ከክቡ ወጥታ ከበሮ መቺው ፊት ትቆማለች። እሷ አትከተለውም፣ እሱ ነው የሚከተላት። ዓይኑን ከእግሯ አይነቅልም። እግሯ ሲያርፍ ዱላው ማረፍ አለበት። ከሳታት ሳቁ ነው። ሠላሳ ሰከንድ ጨፍራ፣ በሳቅ ፈርሳ፣ ወደ ቦታዋ ትሮጣለች። ከዚያ ሌላዋ። አዛውንቷም፣ አራሷም፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት የነርሲንግ ሆም ሥራ በቀጥታ የመጣችውም።

ሙዚቃው የሁለት አገር ነው፤ የጋምቢያና የሴኔጋል። ጋምቢያ በወንዝ ዳርና ዳር የተዘረጋች ጠባብ አገር ናት፤ ባሕር የሚነካውን ጫፏን ብትተዉ ሴኔጋል ከብባታለች። ዎሎፉ፣ ማንዲንካው፣ ፉላው፣ ጆላው እዚህም እዚያም አለ። የዳካሩ ዱዱ እንዲያይ ሮዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ያረፉት፣ ይህንኑ ሳባር በዓለም መድረክ አዙረውታል። ከቤተሰባቸው ሴቶች ብቻ የከበሮ ቡድን ያቋቋሙም ናቸው። እኛ አዳራሽ የሚመቱት ሁለት ወንድማማቾች ግን ታዋቂ አይደሉም። በአዘቦት ኡበር ይነዳሉ። የተወለዱት ጌወል ከሚባል ወገን ነው። ጌወል ማለት በዘር የሚተላለፍ ሙያ ነው፤ ከበሮ መቺ፣ የትውልድ ሐረግ ቆጣሪ፣ አወዳሽ፣ አስታራቂ። ማንዲንካዎች ጃሊ ይሉታል።

አሁን ንገሩኝ፣ ይሄ ማን ይመስላችኋል? አዝማሪ ነው እንጂ ማን ይሆናል! ስማችሁን ጠይቆ ግጥም የሚሰጣችሁ፣ አድንቆ የሚያወድሳችሁ፣ ካልሸለማችሁት በሰምና ወርቅ የሚሸነቁጣችሁ። ንቀቱም አንድ ነው። ሴኔጋል ውስጥ በድሮ ጊዜ ጌወል ሲሞት እንደ ሰው መሬት አይቀበርም ነበር። ምድሪቱ ትረክሳለች ተብሎ ባዶ በሆነ የባኦባብ ዛፍ ግንድ ውስጥ ይከቱት ነበር። በሠርጋቸው ያለ እሱ የማይሆንላቸው ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት። እኛስ "አዝማሪ" የሚለውን ቃል ስድብ አድርገነው አልነበር? ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፍን ልጃችንን ግን አንድርለትም ነበር። የጋምቢያ እናቶችም ከበሮ መቺው ላይ ዶላር ይለጥፋሉ። ልጆቻችን መጀመሪያ ያዩ ቀን "እነሱም ሽልማት አላቸው!" ብለው ነው የጮኹት።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ከእናቶቹ መካከል ቢጫ ጀሪካን የምትመታ አንዲት አዛውንት አለች። ልጆቻችን "እማማ ጀሪካን" ይሏታል፣ እሷም ትወደዋለች ስሟን። በማስታወቂያው "የጩኸት መሣሪያ" የተባለው እሱ ጀሪካን ነው መሰለኝ። ታሪኩን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በጋምቢያና በደቡብ ሴኔጋሉ ካዛማንስ ካኜሌንግ የሚባሉ የሴቶች ማኅበራት አሉ። መውለድ ያቃታቸው፣ ወይም የወለዱት እየሞተ ያስቸገራቸው ሴቶች ማኅበር ነው። አብረው ይዘፍናሉ፣ ይለምናሉ፣ ያላገጣሉ። ሌላ ሴት ብታደርገው የምታፍርበትን ቀልድ እነሱ በአደባባይ ያደርጉታል። እግዜር ስቆ እንዲራራ ነው ይባላል። ለተረፈውም ልጅ ሞት እንዳይመኘው የማያምር ስም ያወጡለታል። መሣሪያቸው እጃቸው ላይ የተገኘ ነገር ነው። ውሃ በሞላ ሳፋ ላይ የተደፋ ቅል፣ የብረት ቁራጭ፣ ፉጨት፣ የዘይት ጀሪካን። ዛሬ የጤና ባለሙያዎች ክትባትና የእናቶች ጤና ትምህርት ለማድረስ እነሱን ይዘው ነው መንደር የሚገቡት፤ ካኜሌንግ የተናገረችውን ሰው ይሰማል።

እኔ ይህን ስሰማ በሌሊት በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበላዎች ትዝ አሉኝ። ካላዜሙ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚባሉት። ልጅ የሞተባት የኛ እናትም ለተከታዩ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ትለዋለች። እማማ ጀሪካን ሦስት ልጅ ቀብራለች። አራተኛው አሁን ቦልቲሞር የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ያ ጀሪካን እንደዚህ ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ የልጁ ስም ነው። ማስታወቂያው ማክሰኞ ወጣ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከእናቶቹ አንዷ ለልጅ ልጇ የስም ማውጫ ድግስ ነበራት። ኪራዩን ቀድማ ከፍላለች፤ ደረሰኙን አይቼዋለሁ፣ የእድሩ ማኅተም አለበት። ስም የሚወጣው ልጁ በተወለደ በሳምንቱ ነው፤ "ለሌላ ጊዜ ይዛወር" አይባልም። ክርስትናን ከሰማንያ ቀን ወደ መቶ ቀን አዛውሩ እንደማለት ነው። ጠዋት የሃይማኖት አባቱ ጸልዮ፣ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ስሙ በጆሮው ይነገረዋል። የኮላ ፍሬ ይታደላል። ከዚያ ጌወሉ ስሙን ለሕዝብ ያውጃል። ከሰዓት በኋላ የሴቶቹ ነው፤ ሳባር ያኔ ነው የሚመታው።

ከሰዓት በኋላ ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። ስልክ ተደወለ፣ የሚያነሳ ጠፋ። ወደ ስድሳ ሰው፣ ድስት ሙሉ በናቺን የሚሉት የሩዝ ምግብ፣ አራስ ልጅ፣ በዚያ ብርድ ፓርኪንግ ላይ። የሚከፍት ሰው ፍለጋ አንድ ሰዓት ያህል ከተንከራተትን በኋላ እማማ ጀሪካን ከመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ጀሪካኗን አወጣች። ሌላዋ የድስቱን ክዳን። የቀሩት አጨበጨቡ። አራሷ ልጇን ይዛ መኪና ውስጥ ሆና በመስኮት ታያለች። ክብ ሠሩ፣ ተራ በተራ ገቡ፣ በቦት ጫማ ጨፈሩ። አርባ ደቂቃ። ልጁ ስሙ ፓርኪንግ ላይ ታወጀ። ወደ መጨረሻው ላይ እማማ ጀሪካን ወደኔ ዞራ አንድ ነገር አለችኝ። "ጃሜህ እንኳ የከለከለን በረመዳን ብቻ ነበር።" እውነቷን ነው። የጋምቢያ ፕሬዚዳንት የነበረው ያህያ ጃሜህ ከሥልጣን ሊወርድ ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ረመዳን፣ ከበሮ፣ ሙዚቃና ጭፈራ ቀንም ማታም ተከልክሎ ነበር። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን አልሳቅሁም። የእድሬ ስም ከማን ጋር እንደተነጻጸረ ልብ በሉልኝ።

ሁለተኛው የጎረቤት ቅሬታ የተባለው ነው። ቃለ ጉባኤው "ጎረቤት በጩኸት ተማርሯል" ይላል። ጎረቤት አንድ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ያሉት አዛውንት። ሄጄ አንኳኳሁ። ተማርረዋል፣ አዎ። የተማረሩት ግን በቅዳሜ ሌሊቱ ሠርግ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ የዲጄው ስፒከር መስኮታቸውን ሲያንቀጠቅጥ እንደነበር ቀኑን ጠቅሰው ነገሩኝ። ያ ሠርግ የማን እንደነበር እናውቃለን። እኔም ነበርኩበት፣ ደስ የሚል ሠርግ ነበር። የእሑዱን ከበሮ ስጠይቃቸው "እሱማ ከምሽቱ በፊት ያልቃል፣ ሩዝም ያመጡልኛል" አሉ። ሳባር ጮክ አይልም አልላችሁም። ይላል። ድሮ ከመንደር መንደር መልእክት የሚያስተላልፍ ከበሮ ነው፤ ሹክሹክታ አይችልም። ግን የጩኸት ደንብ ካስፈለገ ሰዓትና ልክ ይቀመጥለትና ለሁላችንም ይሁን። በእንቁጣጣሽ የኛን ከበሮ የሚሰማው ጆሮና በእሑድ የእነሱን የሚሰማው ጆሮ አንድ ጆሮ ነው።

ወለሉን ይጎዳል የሚልም ተነስቷል። አንድ የኮሚቴ አባል "እስክስታ ትከሻ ነው፣ ወለል አይነካም" ብለዋል ተብሎ ሰማሁ። የጉራጌ ጭፈራንስ በየትኛው አካላችን ነው የምንጨፍረው?

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። "ዛር ነው የሚያስነሱት" የሚል ወሬ በእድሩ ውስጥ ተነዝቷል። ከአባላት ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ከቅዳሜው ቡድን ያስወጡት በዚህ ነው። ስለማላውቀው ነገር አልከራከርም፣ ስለማውቀው ግን ልናገር። ሴኔጋል ውስጥ፣ በተለይ ዳካር አካባቢ ባሉት ሌቡዎች ዘንድ፣ እንዴፕ የሚባል የመንፈስ ፈውስ ሥርዓት አለ፤ ከበሮም ይመታበታል። አይደበቅም። የኦሱሱ ስብሰባ ግን እሱ አይደለም፣ የስም ማውጫውም አይደለም። በኛም አገር ዛር ላይ ከበሮ ይመታል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ከበሮ ይመታል። ከበሮ ስላየን አንዱን ከሌላው አናምታታም። እናቶቹ ሙስሊሞች ናቸው። የአስር ሶላት ሲደርስ ከበሮው ይቆማል፣ ጥግ ላይ ይሰግዳሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። በረመዳን ማንም ሳይከለክላቸው ራሳቸው አይመቱም። የኛ እድር ውስጥም ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ነው ያለው። ይህን ወሬ ኮሚቴው አልጀመረው ይሆናል። ግን ሰምቶ ዝም ብሏል።

አራተኛው የዕቃ ነገር ነው። አራት ሳባርና ሦስት የኛ ከበሮ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። መጋዘኑ የማሞቂያው ማሽን ያለበት ክፍል ነው። ቁልፉ ከተቀየረ አምስት ሳምንት ሆነ። የፍየል ቆዳ ደረቅ ሙቀት አይወድም። ከበሮ ያለው ሰው ያውቃል። ባለፈው ሳምንት የጽዳት ሠራተኛው ሲከፍት ገብቼ አየሁ። የእንዴሩ ቆዳ ከጠርዙ እስከ መሐል ተሰንጥቋል። ያ ከበሮ ከባንጁል ነው የመጣው፤ የወንድማማቾቹ አባት ነበር የሚመታው። ከኛ ከበሮዎችም የአንዱ ጠፍር ላልቷል። ሌሎቹን ይዤ ልውጣ ብል "ያለ ኮሚቴ ፈቃድ አይቻልም" ተባልኩ። ስለ ፈቃዱ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። መልስ የለም።

ስለ ልጆቹም አንድ ነገር ልበል፤ ውሳኔው ሲሰጥ ስማቸው አልተነሳምና። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለን። አማርኛ ሲያናግሩት በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው። ቤተሰቦቹ እስክስታ እንዲለምድ ሁለት ዓመት ለምነውታል፣ እምቢ። ሳባር ሲያይ ግን ዱላውን ተቀብሎ ሞከረ። አንድ ቀን ወንድማማቾቹ የሚመቱትን እየሰማ "ይሄ እኮ የኛ ችክችካ ነው" አለ። ያው አይደሉም፣ ግን ጆሮው የያዘው ነገር አለ፤ ያ ሦስት ሦስት የሚሄደው ግልቢያ በሁለቱም ውስጥ ይሰማል። ከዚያ ቀን በኋላ የራሳችንን ከበሮ ያዘ። በሌላ ቅዳሜ አንድ ጃሊ ኮራ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ይዞ መጣ። ልጆቹ ክሩን ቆጠሩ፤ 21። በገናችን አሥር እንደሆነ ያወቁት ያን ቀን፣ ለማነጻጸር ብለው ጠይቀው ነው። ጋምቢያዊው ጃሊ ኛማ ሱሶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኮራ አስተምረዋል። ዩኒቨርሲቲ አስመጥቶ፣ ደመወዝ ከፍሎ ያስተማረውን ነገር የኛ ልጆች በነጻ እያገኙት ነበር። አሁን ቅዳሜ ጠዋት አይፓድ ላይ ናቸው።

"የሰው አገር ስለሆነ ጎረቤት አናስቀይም" የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስጋቱ ይገባኛል። ኒውዮርክ ሃርለም በሚገኘው ማርከስ ጋርቬይ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከበሮ ይመታል። ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ መቺዎችም ከጥቁር አሜሪካውያኑ ጋር ተቀላቅለውበታል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ማብቂያ አጠገቡ አዲስ ውድ አፓርትመንት የገቡ ሰዎች ጩኸት ብለው አቤት አሉ። ክርክሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ መቺዎቹ በፓርኩ ውስጥ ቦታ እንዲቀይሩ ተደረገ። እንዳይመቱ ግን አልተደረገም። በኛው ከተማ በዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ዩ ስትሪት አካባቢ "ትንሿ ኢትዮጵያ" ይባል ሲባል ነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን "ይህ የኛ ታሪክ ያለበት ሰፈር ነው" ብለው ተቃውመዋል። ያኔ ከኛ መካከል ስንቱ ተከፍቶ ነበር! ቦታ መጠየቅ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። አዳራሽ ስላገኘን ረሳነው እንዴ?

ደግሞ አንድ ያልተጻፈ ዕዳ አለብን። አምና የእድራችን አባል የሆኑ አባት ሲያርፉ ድንኳን የጣልነው አዳራሹ ግቢ ነበር። የጋምቢያ እናቶች ሦስቱንም ቀን መጡ። የመጀመሪያውን ቀን ዶሞዳ በሩዝ ሠርተው አመጡ፤ የለውዝ ወጥ ነው፣ ያልቀመሰ የለም። ነጠላ ተውሰው እንደኛው አጣፍተው ተቀመጡ። ማንም አልጠራቸውም ነበር። "እዚህ የምንሰበሰበው አብረን ነው" አሉ። የእድሩ መዝገብ ላይ ስማቸው የለም።

የምጠይቀው ይህን ነው።

ማስታወቂያው ከበሩ ላይም ከቴሌግራሙም ይነሳ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ ይያዝ፤ ከእናቶቹ ሁለት ተወካዮች ተገኝተው ይናገሩ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። እስከዚያ ድረስ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እንደ ድሮው ይፈቀድላቸው፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አንድም ምት እንደማይሰማ እነሱም እኔም እንፈርማለን።

የድምፅ ደንብ ይውጣ ከተባለ ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለበዓልና ለኦሱሱ አንድ ዓይነት ይሁን። ለወለሉ የጎማ ምንጣፍ እንገዛለን፤ ከሁለቱም ወገን ወላጆች ማዋጣት ጀምረናል።

የስም ማውጫው ኪራይ ተመላሽ ይደረግ። ገንዘቡ ብቻ አይበቃም፤ ለአያትየዋ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የይቅርታ ደብዳቤ ይሰጣቸው። የተሰነጠቀው ቆዳ በእድሩ ወጪ ይቀየር። ቆዳ የሚወጥር ሰው ወንድማማቾቹ ያውቃሉ፤ እናንተ ክፍያውን ብቻ ነው የምትችሉት። የቀሩት ከበሮዎች በዚህ ሳምንት ይውጡልን፤ ነገ የሚከፍት ሰው ካለ መኪና ይዤ እመጣለሁ።

ስለ ዛሩ ወሬ ደግሞ ሊቀመንበሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ይበቃኛል።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ከመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ በፊት እጠብቃለሁ። የዚያን ቀን ባለተራዋ እማማ ጀሪካን ናት። ሃያ ስድስት ወር ጠብቃለች።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜ የልጆች የባህል ሙዚቃ ቡድን አስተባባሪ
እና የእድሩ አባል